ዩኤስቢአስፕ እና የኤቪአር ቺፖች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ዩኤስቢአስፕ በሚባለው ርካሽ ፕሮግራመር (ከኮምፒውተር ወደ ቺፕ ኮድ የሚያስተላልፍ መሣሪያ) የኤቪአር ቺፖች (ትንንሽ ማይክሮኮንትሮለሮች) ላይ፣ በተለይ ኤቲሜጋ328ፒ እና ኤቲታይኒ85 ላይ፣ ኮድ ለሚጭኑ ሰዎች ነው። ከጥያቄዎቹ በፊት አንድ ነገር ልበል፦ “ቺፑ ሞቷል” ከሚባለው ውስጥ አብዛኛው አልሞተም። ወይ ግራውንዱ አልተያያዘም፣ ወይ ፕሮግራመሩ ቺፑ ከሚችለው በላይ ፈጥኖ እያናገረው ነው። ሌላ ቺፕ ልትገዙ ከመሄዳችሁ በፊት ከታች ያለውን ሞክሩ።

አርዱዪኖዬ ላይ በዩኤስቢ ገመድ እጭን የለም እንዴ? አይኤስፒ ለምን ያስፈልገኛል?

በዩኤስቢ ገመድ መጫን የሚቻለው ቺፑ ውስጥ ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ቀድሞ ስለተቀመጠ ነው። ቦርዱ ሲነሳ ቡትሎደሩ ለአፍታ “አዲስ ኮድ የሚልክልኝ አለ?” ብሎ ያዳምጣል፤ ካለ ይቀበላል፣ ከሌለ ያለውን ኮድ ያስነሳል። ከሱቅ የተገዛ ባዶ ኤቲሜጋ328ፒ ግን ይህ የለውም።

አይኤስፒ፣ ማለትም በፕሮግራመር በቀጥታ ቺፑ ላይ መጫን፣ ቡትሎደር አይፈልግም። የቺፑ ሪሴት ፒን ወደ ዜሮ ቮልት ወርዶ ሲያዝ ቺፑ ራሱ በሞሲ፣ በሚሶ እና በኤስሲኬ መስመሮች የፕሮግራም ትእዛዝ ይቀበላል። ቺፑ ቦርዱ ላይ ተበይዶ እንዳለ ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው፤ መንቀል የለም። ስለዚህ አይኤስፒ የሚያስፈልገው ባዶ ቺፕ ላይ ስትጭኑ፣ ቡትሎደሩ ሲጠፋ፣ ፊውዝ (የቺፑን ፍጥነትና ሌላ ጠባይ የሚወስን ቅንብር) መቀየር ስትፈልጉ፣ ወይም ቦርዱ ሲበራ የቡትሎደሩን ጥበቃ ሳይጠብቅ ወዲያው እንዲነሳ ስትፈልጉ ነው።

ምን ምን ልግዛ?

ዩኤስቢአስፕ፣ ከ10 ፒን ወደ 6 ፒን የሚቀይር ትንሽ አዳፕተር፣ ብሬድቦርድ እና ዋየር፣ 104 የሚል የተጻፈባቸው ሁለት ሦስት ሴራሚክ ካፓሲተሮች (0.1 ማይክሮ ፋራድ ናቸው)፣ አንድ 10 ኪሎ ኦም ሪዚስተር፣ አንድ 16 ሜጋ ሄርዝ ክሪስታል ከሁለት 22 ፒኮ ፋራድ ካፓሲተሮች ጋር። መልቲሜተር ከሌላችሁ ተበደሩ፤ ያለ እሱ የምታደርጉት ሁሉ ግምት ነው።

ዩኤስቢአስፕን የነደፈው ቶማስ ፊሽል ነው። ንድፉንም ፈርምዌሩንም (ውስጡ የሚሠራውን ፕሮግራም) ለሁሉም ክፍት አድርጎ ስለለቀቀው ዛሬ ገበያ ላይ የምናገኘው በሙሉ ማለት ይቻላል ቅጂ ነው። ላዩ ላይ ያለው አንድ ኤቲሜጋ8 እና አንድ 12 ሜጋ ሄርዝ ክሪስታል ነው፤ የዩኤስቢ ሥራውን ቺፑ በሶፍትዌር ይሠራዋል። ጥራቱ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ አንዳንዶቹ ላይ ያለው ፈርምዌርም የፊሽል አይደለም፤ ወደ ታች እንመጣበታለን።

አርዱዪኖ ኡኖ ካላችሁ ዩኤስቢአስፕ ባትገዙም ያስኬዳችኋል፤ እንዴት እንደሆነ ወደ መጨረሻው አለ።

ዋየሮቹን እንዴት ላገናኝ?

ስድስት መስመር ነው፦ ሞሲ፣ ሚሶ፣ ኤስሲኬ፣ ሪሴት፣ ቪሲሲ እና ግራውንድ። ባለ 28 እግሩ ኤቲሜጋ328ፒ ላይ ሪሴት ፒን 1፣ ሞሲ 17፣ ሚሶ 18፣ ኤስሲኬ 19 ነው። ቪሲሲ 7፣ ግራውንድ ደግሞ 8 እና 22 ናቸው። ፒን 20 ኤቪሲሲ ነው፤ እሱንም 5 ቮልቱ ላይ አስሩት። “አናሎግ አልጠቀምም” ብላችሁ አትተዉት፣ ከቺፑ አንዱ ክፍል ኃይል የሚያገኘው በእሱ ነው።

ኤቲታይኒ85 ላይ ሪሴት ፒን 1፣ ግራውንድ 4፣ ሞሲ 5፣ ሚሶ 6፣ ኤስሲኬ 7፣ ቪሲሲ 8።

የፕሮግራመሩ ሶኬት ባለ 10 ፒን ከሆነ 1 ሞሲ፣ 2 ቪሲሲ፣ 5 ሪሴት፣ 7 ኤስሲኬ፣ 9 ሚሶ ነው፤ ግራውንዱ 10ኛው ላይ አለ። ባለ 6 ፒኑ ላይ 1 ሚሶ፣ 2 ቪሲሲ፣ 3 ኤስሲኬ፣ 4 ሞሲ፣ 5 ሪሴት፣ 6 ግራውንድ ነው። ሁለቱ ላይ ፒን 1 የተለያየ መስመር መሆኑን ልብ በሉ፤ የአንዱን ሥዕል እያዩ ሌላውን ማሰር የተለመደ ነው።

ሌላው የተለመደ ችግር ሞሲን ከሚሶ ማጣመም ነው። ሲሪያል ላይ የአንዱ መላኪያ ከሌላው መቀበያ ጋር ይገናኛልና ብዙ ሰው እዚህም እንደዚያ ያደርጋል። እዚህ ሞሲ ከሞሲ፣ ሚሶ ከሚሶ ነው።

በቪሲሲ እና በግራውንድ መካከል፣ ከቺፑ አጠገብ፣ አንዷን 104 ካፓሲተር አድርጉ። ሪሴትን በ10 ኪሎ ኦም ወደ 5 ቮልት ሳቡት። ዋየሮቹ ከአንድ ስንዝር ባይበልጡ ይሻላል።

ቦርዳችሁ የራሱ ፓወር ካለው የፕሮግራመሩን ቪሲሲ ንቀሉ፣ ግራውንዱን ግን ተዉት። ሁለት የኃይል ምንጭ ፊት ለፊት ማጋጨት አንዱን ቀስ ብሎ ይጎዳዋል፤ ግራውንድ ካልተጋራ ደግሞ ምንም ነገር አይሠራም።

ዊንዶውስ ላይ ሰካሁት፣ መብራቱ በርቷል፣ ኤቪአርዱድ (ኮዱን በፕሮግራመሩ በኩል የሚጭነው የኮምፒውተር ፕሮግራም) ግን መሣሪያውን አላገኘሁትም ይላል።

ድራይቨር የለውም። ዛዲግ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም አውርዱ። ከኦፕሽንስ ሜኑ ሁሉንም መሣሪያ አሳይ የሚለውን ምረጡ፣ ከዝርዝሩ ዩኤስቢአስፕን ፈልጉ፣ ሊብዩኤስቢኬ ወይም ሊብዩኤስቢ ዊን32 መርጣችሁ ጫኑ። ዝርዝሩ ውስጥ ኪቦርዳችሁም ማውሳችሁም አለ፤ ከመጫናችሁ በፊት ስሙን ሁለት ጊዜ እዩ። መለያ ቁጥሩ 16ሲ0 እና 05ዲሲ መሆን አለበት። የኪቦርዱን ድራይቨር የቀየረ ሰው የይለፍ ቃሉን የሚጽፍበት ያጣል።

ድራይቨሩ ተጭኖም ካልታየ ሌላ የዩኤስቢ ወደብ ሞክሩ። አንዳንዴ ሰማያዊው ፈጣን ወደብ ከዚህ መሣሪያ ጋር አይስማማም፤ መካከል ላይ አሮጌ ሃብ ማስገባት ይፈታዋል።

ሊኑክስ ላይስ?

ድራይቨር አያስፈልግም፣ ፈቃድ እንጂ። ኤልኤስዩኤስቢ ብላችሁ ስትጽፉ 16ሲ0፦05ዲሲ የሚል መስመር ከታየ መሣሪያው ታውቋል። ከዚያ በኋላ ኤቪአርዱድ በሱዶ ሠርቶ ያለ ሱዶ እምቢ ካለ ችግሩ የፈቃድ ብቻ ነው። ለዚህ መለያ ቁጥር ፈቃዱን 0666 የሚያደርግ አንዲት መስመር የዩዴቭ ደንቦች ማህደር ውስጥ ጻፉ፣ መሣሪያውን ነቅላችሁ ሰኩ። ሁልጊዜ በሱዶ መሥራትም ይቻላል፤ እኔ አልወደውም።

ዛዲግ ውስጥ ዩኤስቢአስፕ የሚባል ስም የለም። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ኤችአይዲ ብሎ ነው የሚያሳየው።

ያ ነው ቅድም ያልኩት። ይህ ቅጂ ፕሮግአይኤስፒ ለሚባለው ሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ፈርምዌር ይዟል። መለያ ቁጥሩ 03ኢቢ እና ሲ8ቢ4 ከሆነ እሱ ነው። ኤቪአርዱድ በዩኤስቢአስፕነት አያውቀውም፤ ድራይቨር ብትቀያይሩም አይሆንም። ሁለት መንገድ አለ፦ ከራሱ ሶፍትዌር ጋር መኖር፣ ወይም የፊሽልን ፈርምዌር መጫን። ለሁለተኛው ሌላ ፕሮግራመር (ኡኖ ይሆናል) ያስፈልጋል። ጄፒ2 የሚባለውን ጃምፐር ትዘጋላችሁ፣ የፕሮግራመሩን ሶኬት ራሱን እንደ ተጫኝ ቦርድ ታገናኙታላችሁ፣ ላዩ ላይ ላለው ቺፕ የሚሆነውን ፋይል ትጭናላችሁ። ጃምፐሩ ፒን ከሌለው ሁለት ባዶ ነጥቦች ይኖራሉ፤ በሊድ አገናኟቸው፣ ሲያልቅ አስለቅቁት። ቺፑ ኤቲሜጋ8 ነው ብላችሁ አትገምቱ፤ አንዳንዶቹ ላይ ኤቲሜጋ88 ወይም 48 አለ፣ በላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ አንብቡ።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ምን ይሁን?

ምንም የማይጽፍ፣ የሚያነብ ብቻ። ትእዛዙ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፍ ሲሆን ቅርጹ ይህ ነው፦

ኤቪአርዱድ -ሲ ዩኤስቢአስፕ -ፒ ኤም328ፒ -ቢ 10

ሲ እና ፒ ትንንሾቹ ፊደሎች ናቸው፤ ቢ ግን ትልቋ ናት። ትንሿ ቢ ሌላ ነገር፣ የሲሪያል ፍጥነት፣ ስለሆነች መቀላቀል የለባቸውም። ትእዛዙ ቺፑን ሰላም ብሎ ሲግኒቸር የሚባለውን ሦስት ባይት መለያ አንብቦ ይወጣል። ለኤቲሜጋ328ፒ መልሱ 1ኢ 95 0ኤፍ፣ ለኤቲታይኒ85 1ኢ 93 0ቢ ነው።

ይህ መልስ ደጋግሞ፣ ሳይዛነፍ፣ እስኪመጣ ድረስ ሌላ ምንም አትሞክሩ። ኮድም አትጫኑ፣ ፊውዝም አትንኩ። ግንኙነቱ በቅጡ ሳይቆም የተጻፈ ፊውዝ ነው በኋላ ሰው የሚያስለቅሰው። ጥቁር መስኮት ላይ መጻፍ ካስጠላችሁ ኤቪአርዱደስ የሚባል በማውስ የሚሠራ ሽፋን አለ፤ ሥር ያለው ያው ነው።

“ታርጌቱ (የሚጫነው ቺፕ) አይመልስም” ይላል። ሁሉም ዋየር ትክክል ነው።

ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚለው። መልቲሜተሩን አውጡና በቅደም ተከተል ሂዱ።

የቮልቴጅ መለኪያውን ጫፍ የብሬድቦርዱ መስመር ላይ ሳይሆን የቺፑ እግር ላይ፣ ብረቱ ላይ፣ አሳርፉ። በፒን 7 እና በፒን 8 መካከል 5 ቮልት አካባቢ መታየት አለበት። ረጅሙ ብሬድቦርድ ላይ ቀይና ሰማያዊ የተሰመረው የፓወር መስመር ብዙ ጊዜ መካከሉ ላይ የተቆረጠ ነው፤ ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ ክፍተት ካለው ብረቱም ክፍተት አለው። ፓወሩን ከላይ ሰክታችሁ ቺፑን ከታች ካስቀመጣችሁ ቺፑ ባዶ እጁን ነው ያለው።

ከዚያ ፓወሩን አጥፍታችሁ በመልቲሜተሩ የጩኸት ሞድ እያንዳንዱን መስመር ከፕሮግራመሩ ሶኬት እስከ ቺፑ እግር ሞክሩ። የርካሽ ዋየሮች ጫፍ ላዩን ደህና መስሎ ውስጡ የተበጠሰ ሊሆን ይችላል።

ሪሴት ላይ ትልቅ ካፓሲተር ካለ አውጡት፤ ፕሮግራመሩ ሪሴትን ፈጥኖ ማውረድና ማንሳት አለበት። የቺፑ ጉድጓድ ምልክት ወደየት እንደሚያይም እዩ። ተገልብጦ የተሰካ ቺፕ ይሞቃል፤ በጣት ነክታችሁ ካቃጠላችሁ ወዲያው ንቀሉ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልመለሰ ቀሪው ክሎክ፣ ማለትም ቺፑ የሚሠራበት ምት፣ ነው።

ሰዓቱን ማዘግየት (-ቢ) ምን ያደርጋል? ያለ እሱ እምቢ ብሎ ከእሱ ጋር ሠራልኝ።

አብዛኛው “የሞተ ቺፕ” የሚነሳው በዚህች አማራጭ ነው።

አዲስ ኤቲሜጋ328ፒ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚሠራው ውስጡ ባለው 8 ሜጋ ሄርዝ ክሎክ ነው፤ ግን ለስምንት አካፍል የምትል ፊውዝ ስለበራች እውነተኛ ፍጥነቱ 1 ሜጋ ሄርዝ ነው። ኤቲታይኒ85ም እንዲሁ። በዳታሺቱ መሠረት የፕሮግራም መስመሩ ኤስሲኬ ከቺፑ ክሎክ ሩብ በታች መሆን አለበት፤ የ1 ሜጋ ሄርዝ ሩብ 250 ኪሎ ሄርዝ ነው። የዩኤስቢአስፕ መደበኛ ፍጥነት ደግሞ 375 ኪሎ ሄርዝ። ስለዚህ ባዶ ቺፕ ገዝቶ፣ በትክክል አስሮ፣ ምንም ሳያጠፋ ስህተት የሚያይ ሰው ብዙ ነው። ቁጥሮቹ ሳይገጥሙ ቀሩ እንጂ ጥፋት የለበትም።

ከ-ቢ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር የአንድ ቢት ርዝመት በማይክሮ ሰከንድ ነው። 10 ስትሉ ወደ 94 ኪሎ ሄርዝ ይወርዳል፤ ለ1 ሜጋ ሄርዝ ቺፕ በቂ ነው። ቺፑ ከዚያም የዘገየ ክሎክ ላይ ከተቀመጠ (አንድ ሰው 128 ኪሎ ሄርዙን መርጦ ለስምንት አካፍሎት ሊሆን ይችላል) ቁጥሩን ወደ 500 ወይም 1000 ከፍ አድርጉት። ዩኤስቢአስፕ እስከ 500 ሄርዝ መውረድ ይችላል። መጫኑ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ሊቆይ ይችላል፣ ግን ይሠራል፤ ፊውዙን አስተካክላችሁ ወደ ፍጥነታችሁ ትመለሳላችሁ።

ፈርምዌሩ አሮጌ ከሆነ “የኤስሲኬን ጊዜ መለወጥ አልቻልኩም፣ ፈርምዌር አድሱ” የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ ሥራው ቀጥሎ ካለቀ እርሱት። ካላለቀ ቦርዱ ላይ ጄፒ3 የሚለውን ዝጉት፤ እሱ በእጅ ወደ 8 ኪሎ ሄርዝ ያወርደዋል።

ሲግኒቸሩ 00 00 00 ወይም ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ ሆኖ መጣ።

ሦስቱም ዜሮ ወይም ሦስቱም ኤፍኤፍ ከሆነ ፕሮግራመሩ የሚያነበው ቺፑን ሳይሆን ዝም ያለ መስመር ነው፤ ሚሶን እና ሪሴትን እንደገና እዩ። በሞከራችሁ ቁጥር የተለያየ ከሆነ ግንኙነቱ አለ ግን ይንገዳገዳል፦ ዋየር አሳጥሩ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ ካፓሲተሯን ጨምሩ።

ሁልጊዜ 1ኢ 95 14 ከሆነ ግን ምንም ችግር የለም፤ ቺፓችሁ መጨረሻው ላይ ፒ የሌለው ኤቲሜጋ328 ነው። 1ኢ 95 16 ከሆነ ደግሞ 328ፒቢ ነው። በኤቪአርዱድ የቺፑን ስም በዚያው ልክ ቀይሩ፤ አርዱዪኖ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ሚኒኮር የሚባለው ፓኬጅ ሦስቱንም ያውቃል። ስህተቱን ችላ በል የምትለዋን ትልቋን -ኤፍ ሲያስተምሩ ታያላችሁ፤ እኔ አልመክርም። መለያው ያልታወቀ ቺፕ ላይ በግድ መጻፍ ችግሩን አይፈታም፣ ይደብቀዋል።

ፊውዝ ለመቀየር የትኛውን ቁጥር ልጻፍ?

መጀመሪያ ያለውን አንብቡና ወረቀት ላይ ጻፉት። ኤቲሜጋ328ፒ ከፋብሪካ ሲመጣ ዝቅተኛው 62፣ ከፍተኛው ዲ9፣ ተጨማሪው ኤፍኤፍ ነው (ሁሉም በሄክሳ)። ክሪስታል ሳትጠቀሙ 8 ሜጋ ሄርዝ ከፈለጋችሁ ዝቅተኛውን ብቻ ወደ ኢ2 ቀይሩ። ያ የምታካፍለዋን ፊውዝ ብቻ ማጥፋት ነው፣ አደጋ የለውም። እንደ ኡኖ በ16 ሜጋ ሄርዝ ክሪስታል ከቡትሎደር ጋር ከሆነ ዝቅተኛው ኤፍኤፍ፣ ከፍተኛው ዲኢ፣ ተጨማሪው ኤፍዲ።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፦ ኤቪአር ላይ ዜሮ ማለት “በርቷል”፣ አንድ ማለት “ጠፍቷል” ነው። ይህን ገልብጦ የሠራ ሰው ሊያጠፋ የፈለገውን ያበራል። በእጅ ከማስላት የፊውዝ ማስያ ገጾችን ተጠቀሙ፣ የወጣውን ቁጥር ግን ከዳታሺቱ ሠንጠረዥ ጋር አስተያዩት። ከፍተኛው ፊውዝ ውስጥ ያለችውን የሪሴት ማጥፊያ ደግሞ ምን እንደምታደርግ ካላወቃችሁ አትንኳት።

ፊውዝ ከቀየርኩ በኋላ ቺፑ ዝም አለ።

ምናልባት የውጭ ክሪስታል መርጣችሁ ክሪስታሉን አላሰራችሁም። ክሎክ የሌለው ቺፕ አይኤስፒንም አይሰማም። 16 ሜጋ ሄርዙን ክሪስታል በፒን 9 እና 10 መካከል፣ ሁለቱን 22 ፒኮ ፋራድ ከየእግሩ ወደ ግራውንድ አድርጉና እንደገና ሞክሩ። ክሪስታል ከሌላችሁ ሌላ አርዱዪኖ ላይ በታይመር 1 ከፒን 9 የ8 ሜጋ ሄርዝ ምት አውጥታችሁ ወደተኛው ቺፕ ፒን 9 አስገቡ፤ ኤቲታይኒ85 ከሆነ ወደ ፒን 2። ግራውንዶቹን ማገናኘት አትርሱ። ሲመልስላችሁ ሌላ ነገር ሳትሞክሩ ዝቅተኛውን ፊውዝ ወደ 62 መልሱ።

ሪሴትን አጥፍታችሁት ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ኤቲታይኒ85 ላይ አንድ ተጨማሪ ፒን ለማግኘት ብዙ ሰው ይህን ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ዩኤስቢአስፕ አይረዳም፤ ሪሴት ላይ 12 ቮልት የሚያስገባ ከፍተኛ ቮልቴጅ ፕሮግራመር ያስፈልጋል። ለታይኒው በአርዱዪኖ፣ በአንድ ትራንዚስተርና በጥቂት ሪዚስተሮች ይሠራል፤ ለ328ፒ ዋየሩ ብዙ ስለሆነ አዲስ ቺፕ መግዛት ይቀላል።

ኤልኢዲው በየሰከንዱ ብልጭ እንዲል ጽፌ በየስምንት ሰከንዱ ይላል።

ደስ የሚል ስህተት ነው፣ ምክንያቱን ራሱ ይናገራል። ኮዱ የተተረጎመው ቺፑ 8 ሜጋ ሄርዝ ነው ተብሎ ነው፣ ቺፑ ግን አሁንም 1 ሜጋ ሄርዝ ላይ ነው። አርዱዪኖ ሜኑ ውስጥ ፍጥነት መምረጥ ለኮምፓይለሩ ብቻ ነው የሚነግረው። ፊውዙ የሚጻፈው “በርን ቡትሎደር” ስትሉ ነው። ታይኒው ላይ ቡትሎደር ባይኖርም አንድ ጊዜ ንኳት፤ ፊውዙን አስተካክላ ትወጣለች። የሲሪያል ጽሑፍ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ የሚመጣባችሁም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው።

ፕሮቲየስ (ሰርኪዩትን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሠራ ሶፍትዌር) ላይ ይሠራ ነበር፣ ቺፑ ላይ ግን አይሠራም።

የመመረቂያ ፕሮጀክት ወቅት ሲደርስ በብዛት የሚመጣ ጥያቄ። ፕሮቲየስ ደግ ነው። የክሎኩን ፍጥነት በክፍሉ መስኮት ውስጥ የጻፋችሁትን ያምናል፣ ክሪስታል ባትስሉም ይሮጣል፣ ፓወርና ኤቪሲሲ ሳታስሩ ያስነሳል፣ የዋየር ርዝመትም ሆነ የሪሌ ጫና አይመለከተውም። ስለዚህ ሲሙሌሽኑ መሥራቱ ኮዱ መልካም መሆኑን እንጂ ቦርዱ መልካም መሆኑን አያሳይም። ከላይ ያለውን ሲግኒቸር ማንበብ፣ ከዚያ ኤልኢዲ ብልጭ ማድረግ፣ ከዚያ ሌላውን አንድ በአንድ መጨመር። ሞተሩንና ሪሌውን በዩኤስቢው ኃይል አታስነሱ።

ጭኖ ሲጨርስ “ቬሪፊኬሽን ኤረር” ይላል።

የተጻፈውና ተመልሶ የተነበበው አልገጠመም ማለት ነው። ቦርዳችሁ ላይ ኤስዲ ካርድ ወይም የሬዲዮ ሞጁል ካለ መጀመሪያ እሱን ንቀሉ። እነሱም ሞሲን፣ ሚሶን እና ኤስሲኬን ይጋራሉ፤ መምረጫ ፒናቸው ከፍ ብሎ ካልተያዘ በሚሶ ላይ ከቺፑ ጋር አብረው ይናገራሉ። የራሳችሁን ቦርድ ስትሠሩ በእያንዳንዱ መምረጫ ፒን ላይ 10 ኪሎ ኦም ወደ ቪሲሲ ብታደርጉ ይህ አይገጥማችሁም። ኤስሲኬ ላይ በአነስተኛ ሪዚስተር የታሰረ ኤልኢዲም ሊያውክ ይችላል። እነዚህ ከሌሉ ፍጥነት ቀንሱ።

ቦርዴ 3.3 ቮልት ነው። ጃምፐሩን ወደ 3.3 ባዞረው ይበቃል?

ብዙዎቹ ቅጂዎች ላይ አይበቃም። ጃምፐሩ የሚቀይረው በቪሲሲ መስመር የሚወጣውን ነው፤ ፕሮግራመሩ ራሱ በ5 ቮልት ስለሚሠራ የምልክት መስመሮቹ 5 ቮልት እንደሆኑ ይቀራሉ። ቀላሉ መንገድ ቺፑን ለብቻው በ5 ቮልት ጭኖ ከዚያ ቦርዱ ላይ ማስቀመጥ ነው። ከተበየደ ሌቭል ሺፍተር፣ ወይም በ3.3 ቮልት የሚሠራ አርዱዪኖ ፕሮ ሚኒን እንደ ፕሮግራመር መጠቀም። በነገራችን ላይ 328ፒ በ3.3 ቮልት 16 ሜጋ ሄርዝ መሮጡ ከዳታሺቱ ወሰን ውጭ ነው፤ 8 ይበቃዋል።

በዩኤስቢአስፕ ከጫንኩ በኋላ ኡኖዬ በዩኤስቢ ገመድ አልጭንም አለ።

አይኤስፒ አዲስ ኮድ ከመጻፉ በፊት ቺፑን በሙሉ ያጠፋል፣ ቡትሎደሩም አብሮ ይሄዳል። የጫናችሁት ኮድ ግን ይሠራል። ወደ ገመዱ ለመመለስ “በርን ቡትሎደር” አድርጉ። ኢኢፒሮም (ኃይል ቢቋረጥም መረጃ የሚይዝ የቺፑ ማከማቻ) ውስጥ ያስቀመጣችሁት መረጃም በዚያው ይጠፋል፣ ኢሴቭ የምትባለውን ፊውዝ ካላበራችሁ በስተቀር።

እየጫንኩ መብራት ቢጠፋስ?

ኮድ እየተጻፈ ከሆነ አትደንግጡ፤ ቺፑ ውስጥ ግማሽ ኮድ ይቀራል፣ መብራት ሲመጣ እንደገና ትጭናላችሁ። አይኤስፒ በሃርድዌር ውስጥ ስላለ በተበላሸ ኮድ አይዘጋም። ፊውዝ መጻፍ ግን ሌላ ነው። ጊዜው በሚሊ ሰከንድ የሚቆጠር ቢሆንም መብራቱ ድርግም ብልጭ በሚልበት ሰዓት በዴስክቶፕ ፊውዝ አትጻፉ፤ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ተጠቀሙ።

ኡኖን እንዴት ፕሮግራመር ላድርገው?

ከምሳሌዎቹ ውስጥ አርዱዪኖአይኤስፒ የሚለውን ኡኖው ላይ ጫኑ። ከጫናችሁ በኋላ፣ ከዚያ በፊት ሳይሆን፣ 10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በኡኖው ሪሴት (ፖዘቲቩ) እና ግራውንድ (ኔጋቲቩ) መካከል አስገቡ። ፒን 10 ወደ ተጫኙ ሪሴት፣ 11 ወደ ሞሲ፣ 12 ወደ ሚሶ፣ 13 ወደ ኤስሲኬ። ከፕሮግራመር ሜኑ “አርዱዪኖ አዝ አይኤስፒ” ምረጡ። “ኖት ኢን ሲንክ” ካለ ወይ ወደቡ ተሳስቷል ወይ ካፓሲተሯ የለችም፤ ያለ እሷ ኡኖው ግንኙነት በተከፈተ ቁጥር ራሱን ሪሴት ያደርጋል።

የተገዛ ማሽን ቺፕ ውስጥ ያለውን ኮድ ማንበብ ይቻላል?

አምራቹ ሎክ ቢቶቹን (ኮዱ እንዳይነበብ የሚከለክሉትን ቅንብሮች) ካልዘጋ ይነበባል። ከዘጋ አይነበብም፤ ቢቶቹን መክፈት የሚቻለው ቺፑን በማጥፋት ነው፣ ኮዱም አብሮ ይጠፋል።

ዩኤስቢአስፕ ለሌሎች ቺፖች ይሆናል?

ለአሮጌዎቹ የኤቲሜጋ እና የኤቲታይኒ ቤተሰቦች አዎ። አትሜል በ2016 በማይክሮቺፕ ከተገዛ በኋላ የመጡት፣ ለምሳሌ ኤቲሜጋ4809፣ አይኤስፒ የላቸውም፤ ዩፒዲአይ በሚባል አንድ መስመር ነው የሚጫኑት፣ ለዚያ ተራ የዩኤስቢ ሲሪያል አዳፕተር ከአንድ ሪዚስተር ጋር ይበቃል። ፒክ ቺፖች ፒክኪት፣ ኤስቲኤም32 ደግሞ ኤስቲሊንክ ይፈልጋሉ። ኢኤስፒ32 ፕሮግራመር አያስፈልገውም፣ በሲሪያል ይጫናል።